የዓመቱን እኩሌታ የሚመግበን ባልትና

ዛሬ የሆሳዕና በዓል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ጌታችን በአህያ ውርንጫ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ዕለት ዘንባባ ይዘው፣ ከዘንባባውም ቀለበትና መስቀል ሠርተው በየአጥቢያቸው ያከብሩታል። በገናና በፋሲካ ቢላዋ ይሳላል፣ በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይገነጠላል። ሆሳዕና ግን በዐቢይ ጾም ውስጥ የሚውል በዓል ነው። ከ55ቱ የጾም ቀናት 49ኛው ላይ ስለምንገኝ ዛሬ በየቤቱ የሚቀርበው የበዓል ማዕድ ሥጋም ወተትም፣ ቅቤም እንቁላልም የማይነካው የጾም ማዕድ ነው። ስለዚህ ይህ ዕለት ስለ ጾም ምግብና ስለ አዘገጃጀቱ በቤተሰብ መካከል ለመነጋገር የተመቸ ቀን ነው ብለን እናምናለን።

በአገራችን የባለሙያ ሴት ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዶሮ ወጥ ጋር ነው። ዶሮዋን በ12 ብልት አስተካክላ የገነጠለች፣ ሽንኩርቱን ሳታሳርር ያቁላላች፣ ወጡን ሳታቀጥን ያወጣች ሙሽራ ከአማቷ ዘንድ ምስጋና ታገኛለች። ሙያው ከባድ ነውና ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው በአብዛኛው ቤት ዶሮ ወጥ የሚሠራባቸው ቀናት በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቤተሰቡን ክረምት ከበጋ የሚያቆመው ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉና ተልባው ነው። ይህን አሳምራ ለምትሠራ እናት ግን «ባለሙያ» የሚለው ስም እምብዛም አይሰጣትም። «የጾም ነው፣ ይሁን» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ርእሰ አንቀጽ ዐላማ ይህ አመለካከት እንዲታረም ማሳሰብ ነው። ብዙውን የዓመት ክፍል የሚመግበን ይህ ሙያ፣ ስላልጻፍነውና ስላልተካፈልነው ከባለቤቶቹ ጋር እያለፈ ነውና።

እንደሚታወቀው ቤተ ክርስቲያኒቱ ለምእመናን ሁሉ ያወጀቻቸው አጽዋማት 7 ናቸው። እነዚህም ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ገሃድ፣ እንዲሁም የረቡዕና የዓርብ ጾም ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ይጾማል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ይዘልቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ነነዌ 3 ቀናት ይጾማሉ። ረቡዕና ዓርብ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ሳምንቱን ሁሉ እየተከተሉ ይመጣሉ። እነዚህ በአንድነት ሲደመሩ ከዓመቱ ቀናት እኩሌታ ያህሉ የጾም ቀናት ይሆናሉ። እንግዲህ የክርስቲያን ቤት ጓዳ የጾም ምግብ የሚሰናዳበት ጊዜ ከፍስኩ ጊዜ የሚያንስ አይደለም ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን የሚያገለግል ሙያ እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባውም።

የቀደሙት እናቶች ይህን ተረድተው የጾሙን ማዕድ በዐይነትም በጣዕምም የተሟላ አድርገውት ነበር። ከባቄላ ዱቄት ከሱፍ ጋር ተበጥብጦና በስሎ፣ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኩርት ተቀምሞ ለቀናት የሚብላላ ስልጆ ይወጣል። ያው ባቄላ ከአብሽ ጋር ሲሆን ተመትቶ እልበት ይሆናል። ሽምብራው ተፈጭቶና ተቦክቶ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጥና የሽምብራ ዓሣ ይባላል፤ ወይም ቡቲቻ ይሆናል። ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ በሰናፍጭና በሎሚ አዚፋ ይሆናል። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ ወተት መስሎ ይወርዳል፤ እንጀራም ይፈተፈትበታል። ተልባው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ኑጉም ተቆልቶ ይወቀጣል። በእንሰት አገር ቆጮ ከጎመን ጋር ይቀርባል። በትግራይ የገብሱ ጥሕሎ በጾም ወጥ ይበላል። ይህ ሁሉ የተገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ በተላለፈ ዕውቀት ነው።

ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች ይህ ሰፊ ማዕድ እየጠበበ መምጣቱ የሚካድ አይደለም። ከሰኞ እስከ እሑድ ሽሮ፣ ሲሻሻል ደግሞ ምስር ወጥና ጎመን ይቀርባል። ስልጆ የሚለውን ስም ሰምተው ጣዕሙን የማያውቁ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። እልበት እንዴት እንደሚመታ ቢጠየቁ አያታቸውን የሚያስታውሱ እንጂ ራሳቸው ሞክረው የሚያውቁ አይበዙም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አባትም እናትም ለሥራ ወጥተው ይውላሉ፤ ልጆች በትምህርት ይጠመዳሉ። የኪራይ ቤት ለምጣድና ለእህል ማስጫ ቦታ አይሰጥም። ሽሮውም በርበሬውም ተፈጭቶና ታሽጎ ከገበያ ይገዛል። ይህ በሠራተኛ ቤተሰብ ላይ የሚያስወቅስ አይደለም። ጉዳቱ ጊዜ ከማጠሩ ጋር አብሮ ዕውቀቱ መቆረጡ ነው። ጊዜ ያጣ ሰው ጊዜ ባገኘ ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ያላወቀ ሰው ግን ጊዜም ቢያገኝ አይሠራም።

አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። አባባሉ የሚመሰገነው ዐዋቂ ሰው በዕውቀቱ እንዳይታበይ፣ ነገሩንም በየአደባባዩ እንዳይዘራ ሲመክር ነው። ነገር ግን በጓዳችን ውስጥ ይህ አባባል አለቦታው ሲሠራበት ኖሯል። አንዳንዲቱ ባለሙያ የሽሮዋን ቅመም ለጎረቤት አትናገርም። ሌላዋ ስትጠየቅ ለመንገር ፈቃደኛ ብትሆንም «እንዲያው በግምት ነው፣ ልኩን እጄ ያውቀዋል» ብላ ታልፈዋለች። የእጅ ልክ እውነተኛ ልክ መሆኑን አንክድም። ሆኖም እጅ ያርፋል፣ ባለቤቱም ወደማይቀረው ዓለም ይሄዳል። በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ከልብ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ሙያ በልብ ይደር፣ ነገር ግን በአፍም ይነገር፣ በወረቀትም ይጻፍ እንላለን።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ጾም የሥጋ ፈቃድን ለመግታት የታዘዘ ነው፤ የጾም ምግብ እንዲጣፍጥ መድከም የጾሙን ዐላማ አያፈርስምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ክብደት አለው። በእርግጥም በጾም ስም የሚደረግ ብኩንነት አለ። ሠላሳ ዐይነት ምግብ ደርድሮ፣ ከጥጋብ በላይ በልቶ «ጹሜ ነው» ማለት የጾምን ስም ይዞ ግብሩን መተው ነው። ሥጋውን ትቶ ሥጋ የሚመስል፣ ቅቤውን ትቶ ቅቤ የሚመስል ፍለጋ መባዘንም ሐሳብን ከምግብ አያላቅቅም።

ይሁን እንጂ በትጋት ማብሰልና በቅንጦት መብላት አንድ አይደሉም። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ንቀው ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ለ10 ቀናት ሲመገቡ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮና ወዝቶ መገኘቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል። ጌታችንም በወንጌል የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ፣ ራሱንም እንዲቀባ እንጂ እንዲጠወልግ አላዘዘም። በአንድ ድስት የተሠራ፣ እህሉ የተለቀመ፣ ጨውና ቅመሙ የተመጠነ ሽሮ ቅንጦት አይደለም። ይልቁንም በግዴለሽነት የተሠራ፣ ያረረና የተንቦጫረቀ ምግብ ልጆች ጾምን እንዲጠሉና ፋሲካን ከእምነት ሳይሆን ከሥጋ ናፍቆት የተነሣ እንዲቆጥሩ ያደርጋል። ለቤተሰቡ በፍቅር የተዘጋጀ ጥቂት ምግብ ጾሙን ያግዛል እንጂ አያፈርስም።

የቀደመው ባልትና ጣዕምን ብቻ ሳይሆን ጤናንም የጠበቀ ነበር። ጤፍና ሌሎች እህሎች ላይሲን የሚባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ በዚህ የበለጸጉ ናቸው። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሞላዋል። እንግዲህ ሽሮን በእንጀራ የበላ ሰው ሁለቱን አገናኝቶ ሥጋ የሚሰጠውን የገንቢ ምግብ ጥቅም በብዙው አግኝቷል ማለት ነው። የእንጀራው ሊጥ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ለሰውነት እንዲቀርብ ያግዛል። በአዚፋና በጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅም እንዲሁ ያደርጋል። በአንጻሩ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ በሰውነት እንዳይዋሐድ ያውካል። ስለዚህ በጾም ወራት በተለይም ደም ማነስ ያለባቸው እናቶች ቡናውን ከማዕዱ ጥቂት ቢያርቁት ይጠቀማሉ። ቫይታሚን ቢ12 የተባለው ግን በዕፅዋት ምግብ ውስጥ አይገኝም። ጾሙ በፍስክ ወቅት እየተፈራረቀ ለሚጾም ጤነኛ ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰው ግን የጤና ባለሙያ ቢያማክር መልካም ነው። ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ለሕፃናት የሚሆነውን ሥርዓትም ቤተ ክርስቲያን በርኅራኄ ስለምታይ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል።

ከጤናው ጋር የኪስ ጉዳይም አለ። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ከገበያ እየጠፋ፣ ዋጋውም እያሻቀበ የብዙውን ቤተሰብ ኑሮ መፈተኑ ከማንም አልተሰወረም። ያን ጊዜ ብዙ እናቶች «ያለ ዘይት የጾም ወጥ እንዴት ይሠራል?» ብለው ተጨንቀዋል። መልሱ በአያቶቻችን ጓዳ ውስጥ ነበረ። ሱፍ፣ ኑግ፣ ተልባና ሰሊጥ ቅባታቸውን በውስጣቸው የያዙ ናቸውና የሱፍ ፍትፍት ወይም የተልባ ወጥ የሚገዛ ዘይት አይፈልግም። አዚፋም በጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ይህን የሚያውቅ ቤት ገበያው ሲጨክን ይቋቋማል። የማያውቅ ቤት ግን ገንዘብ ባጠረው ቁጥር ማዕዱም ያጥረዋል። ሙያው ሲቆረጥ የሚጠፋው ጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዕውቀቱ አለመነገሩ ከዚህም የባሰ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳየን የጓያ ነገር ነው። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ በክፉ ቀን የሚደርስ እህል ነው። ነገር ግን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ተደርጎ ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይመለስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ በደላንታና ዳውንት ከድርቅ በኋላ ይህ በሽታ ብዙ ሰዎችን አጥቅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጉዳቱ በአዘገጃጀቱ ይለያያል። ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ አዘውትሮ መብላት ይበልጥ አደገኛ ሲሆን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋትም መርዙን በከፊል ያወጣዋል። በየአገሩ ያሉ እናቶች ጓያን መንከርና ውኃውን መድፋት ከጥንት ያውቁ ነበር። ይህ ዕውቀት የደረሰው ቤት ራሱን ጠበቀ፤ ያልደረሰው ተጎዳ። ሽሮን ከገበያ ስንገዛ ከምን እህል እንደተፈጨ መጠየቅና የሚታመን ወፍጮ መለየትም ከዚሁ ጥንቃቄ ይቆጠራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀዳሚው ነገር መጻፍ ነው። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ለባልትና ቢመደብ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እናት ወይም አያት ስትሠራ ልጅ አጠገቧ ቆሞ ይጻፍ። «ጥቂት» የተባለው ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ «እስኪበስል» የተባለው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ «ሲሸት» የተባለው ምን እንደሚሸት ይጠይቅ። አያት እፍኟን ወደ ድስቱ ከመጨመሯ በፊት ወደ ብርጭቆ ገልብጣ ብታሳይ የእጇ ልክ የሁሉ ልክ ይሆናል። የምግቡ ስም፣ የመጣበት አገር፣ ከማን እንደተማረችውም አብሮ ቢጻፍ ደብተሩ የቤተሰብ ታሪክም ይሆናል።

ለአብነት ያህል ሁለት ምግቦችን በዚህ መልክ እናቅርብ። አዚፋ ለመሥራት 2 ብርጭቆ ድፍን ምስር ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውኃ ይቀቀላል። ሲለሰልስ ውኃው ይጠልና በማማሰያ ግማሹ ያህል ይደቆሳል፤ ከዚያም እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ኃይሉ እስኪወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ምስሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጩ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ በደቃቁ የተከተፈ 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይጨመሩበትና ይለወሳል። ሰናፍጩ በትኩስ ምስር ላይ ከተጨመረ ኃይሉ ስለሚጠፋ መቀዝቀዙን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው።

የሽምብራ ዓሣ ደግሞ ሽምብራው ሳር ሳይል ለስለስ ብሎ ተቆልቶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ በጥሩ ወንፊት ይነፋል። ከዚህ ዱቄት 2 ብርጭቆ ተወስዶ በጨው፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬና በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይታሻል፤ ከዚያም ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጠንከር ተደርጎ ይቦካል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ተዳምጦ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል። በሹካ ጫፍ ቅርፊት እንዲመስል ይነቀሳል፤ በዘይት ወይም ዘይት ለቆጠበ በምጣድ ይበስላል። በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርት በራሱ ውኃ ተቁላልቶ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ቁሌት ይሠራል። ዓሣው ወደ ቁሌቱ የሚገባው ወጡ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይፈረካከሳል። ይህን የመሰለ አንድ ምክር ከአንድ እናት አፍ ሲወጣ የስንቱን ጀማሪ ድካም እንደሚያድን መገመት አያዳግትም።

ከጽሑፉ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መካፈል ነው። ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያሻም። የጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩና የጎረቤት ቡናው አሉልን። በሰንበቴ ተራዋ የደረሰች እናት ያመጣችው ወጥ ከተመሰገነ አሠራሩም አብሮ ይጠየቅ። ከጎጃም የመጣች ከጉራጌ ጎረቤቷ፣ ከሸዋ የመጣች ከትግራይ ጎረቤቷ የምትማረው አለ። በአንድ ግቢ ተከራይተው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ሽሮን በጋራ መለቀም፣ በጋራ መቁላትና በጋራ ማስፈጨት ወጪን ይቀንሳል። ሙያውም በሥራው መካከል ይተላለፋል። ቀድሞ ልጃገረዶች ባልትናን የተማሩት ቁጭ ብለው ሲነገራቸው ሳይሆን እህል ሲለቅሙ መሆኑን አንዘንጋ።

ልጃገረዶች ስንል ግን ወንዶቹን መተው አይገባም። ዛሬ ወንድ ልጅ ለትምህርትም ለሥራም ከቤቱ ርቆ ብቻውን ይኖራል። ማብሰል የማያውቅ ወጣት በጾም ወራት ወይ በየምግብ ቤቱ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ወይ ጾሙን ይተዋል። ማብሰል ለወንድ ነውር ነው የሚል ካለ እንደ ደብረ ዳሞና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉትን ሴት የማይገባባቸውን ገዳማት ያስታውስ። በእነዚህ ገዳማት እህሉን የሚያሰናዱት፣ ማዕዱንም የሚያቀርቡት ወንዶች መነኮሳት ናቸው። ክብራቸውም በዚህ አልቀነሰም፤ አገልግሎትን የጽድቅ ሥራ አድርገው ያዩታልና።

ይህ ነገር ከአገር ለወጡትም ይደርሳል። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በጾም ጊዜ ወደ እናታቸው ስልክ ደውለው የሚጠይቁት ስለ ጤና ብቻ አይደለም። «ሽሮው ለምን ጓጎለብኝ? ምስሩ ለምን አልበስል አለ?» ብለውም ይጠይቃሉ። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ የውጭ አገር ሰዎች የጾም በያይነቱን ወድደው ይመገባሉ። እኛ «ይሁን» ብለን የምናልፈውን ማዕድ ሌላው እንደ ሀብት አይቶታል። ባለቤቱ የናቀውን ባዕድ ሲያከብረው ማየት ሊያስደስተን ብቻ ሳይሆን ሊያስተምረንም ይገባል።

ከሁሉ በላይ የጾም ማዕድ ፍጻሜው ለተራበ ማካፈል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና የተጨነቀን ማሳረፍ መሆኑን ገልጾ አስተምሯል። በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ያ ገንዘብ ለሌላ ቅንጦት ከዋለ ጾሙ ወጪ መቆጠቢያ ሆኖ ይቀራል። ለጎረቤት ድኻ፣ ለአረጋዊት፣ ለቆሎ ተማሪ ከዋለ ግን ጾሙ ጾም ይሆናል። የጾም ምግብ ደግሞ ለማካፈል የተመቸ ነው። አንድ ድስት ምስር ላይ ሁለት ጭልፋ ውኃና አንድ እፍኝ ምስር መጨመር የሚያደኸይ ቤት አይኖርም። አሠራሩን ማካፈልም ምጽዋት ነው። የተሰጠ እንጀራ በዕለቱ ያልቃል፤ የተሰጠ ሙያ ግን ድኻዋ እናት ባላት ጥቂት ባቄላ ልጆቿን ዓመት ከዓመት እንድትመግብ ያስችላታል።

ከነገ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። በዚህ ሳምንት ብዙ ምእመናን ከቅባትና ከቅመም ርቀው፣ እስከ ማታ ሰግደው ጥቂት ደረቅ ምግብ ብቻ ይቀምሳሉ። የጓዳው ሥራ ይቀልላል። ይህም ቀለል ያለ ጊዜ ከእናቶች ጋር ለመጨዋወትና ደብተሩን ለመጀመር ይመቻል። ሐሙስ ዕለት በጸሎተ ሐሙስ የባቄላ ክክና ስንዴ በጨው ተቀቅሎ ጉልባን በየቤቱ ይዘጋጃል። አባቶች እስራኤል ከግብጽ በጥድፊያ ሲወጡ የበሉት መታሰቢያ እንደሆነ ያስተምራሉ። ጉልባን ቅቤ የለውም፣ ዘይት የለውም፣ ቁሌት የለውም። ይሁን እንጂ በዓመቱ ውስጥ ይህን ያህል በናፍቆት የሚጠበቅና ከጎረቤት ለጎረቤት የሚዳረስ ምግብ ጥቂት ነው። ክብሩን ያገኘው ከውድነቱ ሳይሆን ትርጉሙን ዐውቆ የሚሠራውና የሚያካፍለው ስላለ ነው። ልጆቻችን ባቄላው ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ ስንዴው መቼ እንደሚጨመር፣ ጉልባኑም ለምን እንደሚበላ በዚህ ሐሙስ አብረውን ሠርተው ይወቁ።

ለመላው የእምነቱ ተከታዮች እንኳን ለሆሳዕና በዓል አደረሳችሁ! ሰሙነ ሕማማቱን በሰላም አሳልፎ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።